ማግኔት የማይዘው የማይዝግ ብረት፦ በወጥ ቤት ዕቃዎች ላይ የሚታየው ልዩነት መንስኤና የገበያው መለኪያ ስሕተት

መግቢያ

አንድ ትንሽ ማግኔት ይዞ በዘመናዊ ወጥ ቤት ውስጥ የሚዞር ሰው እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስል ውጤት ያገኛል። ማግኔቱ በቢላዋው ስለት ላይ ይጣበቃል፤ ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ወለል ላይ ግን ተንሸራቶ ይወድቃል። በአንዱ ፍሪጅ በር ላይ የልጆችን ሥዕል ይዞ ይቆያል፤ በመልክ ከመጀመሪያው በማይለይ በሌላ ፍሪጅ በር ላይ ፈጽሞ አይዝም። የድስቱን ጎን አልፎ መቀመጫውን ይይዛል። ዕቃዎቹ ግን ሁሉም «የማይዝግ ብረት»፣ በገበያ አጠራር «ስቴንለስ»፣ የሚል አንድ ስም ተሰጥቷቸዋል።

ከዚህ ልዩነት በመነሣት በሻጭም በገዢም ዘንድ አንድ መለኪያ ተስፋፍቷል፤ ማግኔት የሳበው ተራ ብረት ነው፣ ያልሳበው እውነተኛው ስቴንለስ ነው የሚል። መለኪያው ጥቂት እውነት ስላለበት ነው ዕድሜ ያገኘው። ይሁን እንጂ ዝገትን የመቋቋም ችሎታና በማግኔት የመሳብ ባሕርይ ከሁለት የተለያዩ ምንጮች የሚፈልቁ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ምንጮች ይለያል፤ ቀጥሎም መለኪያው ገዢን ከማሳሳት አልፎ ጥራቱ ዝቅ ያለ ብረት ተፈላጊ እንዲሆን የሚያደርግበትን መንገድ ይመረምራል።

ዝገትን የሚከላከለው ምንድን ነው?

የማይዝግ ብረት የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለው የብረት ቅይጥ ነው። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በላሜራው ገጽ ላይ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ውፍረት ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጥራል። ሽፋኑ ሲጫር፣ ኦክስጅን እስካለ ድረስ፣ ራሱን በራሱ ይጠግናል። ለዚህ ሂደት ኒኬል የግድ አያስፈልግም።

የብረቱ የልደት ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ሃሪ ብሪርሊ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1913 ያስቀለጠውና በኋላ ለገበታ ቢላዋ የዋለው ብረት 13 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና ጥቂት ካርቦን የያዘ፣ ኒኬል ያልገባበት፣ ማግኔትም በሚገባ የሚስበው ነበር። በአንጻሩ በጀርመን በኤሰን ከተማ ቤኖ ሽትራውስና ኤድዋርድ ማውረር በክሩፕ ኩባንያ ውስጥ ክሮሚየምንና ኒኬልን አጣምረው ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ1912 የፈጠራ መብት የተጠየቀበት ብረት፣ ማግኔት የማይስበው ነበር። ሁለቱም ዝገትን ተቋቁመዋል። ስለዚህ «እውነተኛው ስቴንለስ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ከጅምሩ መሠረት አልነበረውም፤ ቤተሰቡ የተወለደው ሁለት ቅርንጫፍ ሆኖ ነው።

ሁለት ማግኔታዊ ብረቶች ተዋሕደው ማግኔት የማይስበው ቅይጥ

ንጹሕ ብረት በክፍል ሙቀት ፌሮማግኔታዊ ነው፤ ማለትም ማግኔት በኃይል ይስበዋል። ኒኬልም እስከ 358 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ እንዲሁ ነው። ታዲያ ሰባ በመቶ ገደማ ብረት፣ 8 በመቶ ኒኬልና 18 በመቶ ክሮሚየም የያዘውን፣ በቁጥር 304 ተብሎ የሚታወቀውን ብረት ማግኔት ለምን አይስበውም? መልሱ በቅይጡ ውስጥ ምን አለ ከሚለው ይልቅ አቶሞቹ እንዴት ተደርድረዋል ከሚለው ላይ ይገኛል።

ብረት በክፍል ሙቀት አቶሞቹን የሚደረድረው በኪዩብ ማዕዘኖችና በኪዩቡ መካከል ላይ ነው፤ ይህ አደራደር ፌራይት ይባላል። ከ912 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ አደራደሩ ይለወጣል፤ አቶሞች በማዕዘኖቹና በእያንዳንዱ የኪዩብ ገጽ መካከል ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ሁለተኛው አደራደር ለእንግሊዛዊው የብረት ተመራማሪ ዊልያም ቻንድለር ሮበርትስ ኦስተን መታሰቢያ ኦስቴናይት ተብሏል። በፌራይት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ስምንት የቅርብ ጎረቤቶች አሉት፤ በኦስቴናይት ውስጥ ግን አሥራ ሁለት። የጎረቤት አቶሞች ኤሌክትሮኖች ስፒን በአንድ አቅጣጫ እንዲሰለፍ ወይም እንዲቃረን የሚወስነው በመካከላቸው ያለው የልውውጥ መስተጋብር ነው፤ ይህም መስተጋብር ለርቀትና ለአደራደር እጅግ ስሜታዊ ነው። በፌራይት ውስጥ ስፒኖቹ በአንድነት ይሰለፋሉ። ብረት በሚበዛበት ኦስቴናይት ውስጥ ግን ዝንባሌው ወደ መቃረን ስለሚያደላና ዝንባሌውም ደካማ ስለሆነ፣ የክፍል ሙቀት ብቻውን ሥርዓቱን ለማፍረስ ይበቃል። ውጤቱ ፓራማግኔታዊ ብረት ነው። በሙቀት የለሰለሰ 304 ላሜራ የማግኔት አሳላፊነቱ ከባዶ ቦታ የሚበልጠው በመቶኛ ጥቂት ቢሆን ነው፤ የፌራይት ላሜራ ግን በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል። አንደኛ፣ ቀይ እስኪሆን የጋለ ተራ ብረትም ማግኔት አይስበውም፤ የዚያ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ብረት ፌሮማግኔታዊነቱን የሚያጣው በ770 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ በዚያ ሙቀት አደራደሩ ገና ፌራይት ነው፤ ሥርዓቱን የበተነው ሙቀቱ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ «የኦስቴናይት አደራደር ያለው ሁሉ ማግኔት አይስበውም» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ንጹሕ ኒኬል ራሱ አደራደሩ ይኸው ሆኖ ሳለ ማግኔት ይስበዋል፤ 36 በመቶ ኒኬል የያዘው ኢንቫር የተባለው የብረት ቅይጥም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አገላለጽ፣ በወጥ ቤት ዕቃ ውስጥ በሚገኘው የብረት፣ የክሮሚየምና የኒኬል መጠን ኦስቴናይት በክፍል ሙቀት ፌሮማግኔታዊ አይደለም የሚለው ነው። ብዙ ማስተማሪያ ጽሑፎች ይህን ገደብ ሳያነሡ ያልፉታል።

የኒኬል ሚና ከዚህ በኋላ ግልጽ ነው። ኒኬል፣ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና በመጠኑም ማንጋኒዝ ኦስቴናይት ዝቅ ባለ ሙቀት እንዲጸና ይረዳሉ። ክሮሚየም፣ ሞሊብዲነምና ሲሊከን ደግሞ ወደ ፌራይት ይጎትታሉ። ካርቦኑ አነስተኛ ሆኖ ክሮሚየሙ ከ13 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ቅይጡ ከመርጋት ጀምሮ እስከ ክፍል ሙቀት ፌራይት ሆኖ ይቀጥላል፤ ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም ይዞ ኒኬል የማይጨመርበት 430 የሚባለው ብረት የዚህ ምሳሌ ነው። ክሮሚየሙ 13 በመቶ አካባቢ ሆኖ ካርቦኑ ከፍ ሲል ደግሞ ብረቱ በከፍተኛ ሙቀት ኦስቴናይት ይሆንና በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ማርቴንሳይት ወደተባለ እጅግ ጠንካራ አደራደር ይለወጣል። ቢላዋ የሚሠራው ከዚህ ነው፤ ማርቴንሳይትም ፌሮማግኔታዊ ነው። ማግኔት የያዘውን ቢላዋ «ተራ ብረት ነው» ብሎ የሚጥል ገዢ ስለቱን ሊጠብቅ የሚችለውን ብረት ነው የጣለው።

የዕቃው ቅርጽና የብረቱ ምርጫ

የፍሪጅ በር ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ከጠርዙ መታጠፍ በቀር ብዙ ቅርጽ አይጠይቅም፤ የሚነካውም ደረቅ አየርና የእጅ ቅባት ነው። ለዚህ 430 ይበቃል፤ ኒኬል ስለሌለውም ዋጋው ዝቅ ይላል። አንዳንድ አምራቾች ግን ለበር 304 ይመርጣሉ፤ ማግኔት የማይዙት በሮች ከእነዚህ ወገን ናቸው። የበሩ ላስቲክ ውስጥ ያለው የማግኔት ጥብጣብ የሚጣበቅበት የሣጥኑ ግንባር ግን የግድ ማግኔት የሚስበው ላሜራ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በሩ አይገጥምም።

የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ የተለየ ነው። ጠፍጣፋው ላሜራ በፕሬስ ተጭኖ እስከ ታች ድረስ ይለጠጣል። 304 ሳይበጠስ ከ40 በመቶ በላይ መለጠጥ ሲችል፣ 430 ከዚያ በግማሽ ገደማ ያንሳል፤ ሲሳብም በገጹ ላይ መስመሮች ያወጣል። ገንዳውን ማግኔት የማይስበው ስለዚህ ነው።

በማዕዘኑ ላይ የሚገለጠው ስበት

ያም ሆኖ ጠንካራ የኒዮዲሚየም ማግኔት በዚያው ገንዳ ማዕዘን ላይ ሲጠጋ ቀለል ያለ ስበት ይሰማል፤ በወለሉ መካከል ግን የለም። ላሜራው አንድ ነው፤ ኬሚካዊ ስብጥሩም አንድ ነው። የተለየው ማዕዘኑ የተለጠጠበት መጠን ነው።

304 በክፍል ሙቀት የያዘው ኦስቴናይት የጸና አይደለም፤ ኒኬሉ ኦስቴናይትን ለማቆየት ከሚበቃው ድንበር አጠገብ እንዲሆን ተደርጎ የተሰላ ነው። ኃይል ሲያርፍበት ከፊሉ ወደ ማርቴንሳይት ይለወጣል። ይህን ዝንባሌ ለመለካት አንገል እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረበው ቀመር ዛሬም ያገለግላል። ቀመሩ የሚሰጠው፣ ብረቱ 30 በመቶ ሲለጠጥ ግማሹ ወደ ማርቴንሳይት የሚለወጥበትን ሙቀት በዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ መጠኖቹም በክብደት በመቶኛ ናቸው፦

413 − 462 × (ካርቦን + ናይትሮጅን) − 9.2 × ሲሊከን − 8.1 × ማንጋኒዝ − 13.7 × ክሮሚየም − 9.5 × ኒኬል − 18.5 × ሞሊብዲነም

ካርቦንና ናይትሮጅን በድምሩ 0.10፣ ሲሊከን 0.5፣ ማንጋኒዝ 1.5፣ ክሮሚየም 18.2፣ ኒኬል 8.1 የሆነበት፣ ሞሊብዲነም የሌለው ላሜራ ቢወሰድ ውጤቱ 24 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት ተራ የቀን ሙቀት ነው። ሌላው ሳይለወጥ ኒኬሉ 10 በመቶ ቢሆን ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ይወርዳል። ሁለቱም ላሜራዎች በ304 ስም ሊሸጡ ይችላሉ፤ ከአንድ ፕሬስ የወጡ ሁለት ገንዳዎች ለማግኔት የተለያየ መልስ ቢሰጡ እንግዳ ነገር አይደለም። ያው ላሜራ በቀዝቃዛ ጧት ሲታተምም በሥራ ብዛት በሞቀ ፕሬስ ላይ ሲታተም ከሚፈጥረው የበለጠ ማርቴንሳይት ይፈጥራል። ሞሊብዲነም ያለውና ኒኬሉ ከፍ ያለው 316 የቀመሩ ውጤት ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች ስለሚሆን ከታጠፈም በኋላ ማግኔት እምብዛም አይስበውም።

በብየዳ መስመር ላይ የሚታየው ስበት ከዚህ የተለየ ምንጭ አለው። የብየዳ ዘንጉ ስብጥር የቀለጠው ብረት ሲረጋ ከ3 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ፌራይት እንዲቀር ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ያለዚህ መስመሩ ገና ትኩስ ሳለ ይሰነጠቃል። ሁለቱን ምንጮች ለመለየት ናሙናውን ከ1010 እስከ 1120 ዲግሪ አሙቆ በፍጥነት ማቀዝቀዝ ይቻላል። በመለጠጥ የመጣው ማርቴንሳይት ወደ ኦስቴናይት ይመለሳል፣ ስበቱም ይጠፋል፤ የብየዳው ፌራይት ግን በቀላሉ አይለቅም።

በኢንዳክሽን ምድጃ ላይ

የማግኔት ሙከራ ተገቢ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ምድጃው በ25 ኪሎኸርዝ አካባቢ በሚለዋወጥ ጅረት በድስቱ መቀመጫ ውስጥ አዙሪት ጅረት ያስነሣል፤ ድስቱን የሚያሞቀው በዋናነት ይህ ጅረት ነው። የሸክላ ጀበና በዚህ ምድጃ ላይ የማይሞቀውም ጅረት ስለማያስተላልፍ ነው። ነገር ግን 304 ጅረት ያስተላልፋል፤ ታዲያ ለምን ደካማ ይሆናል?

ልዩነቱ ጅረቱ በሚጠልቅበት መጠን ላይ ነው። የማግኔት አሳላፊነቱ 200 ነው ተብሎ በሚወሰድ 430 ውስጥ አዙሪቱ የሚጠልቀው 0.17 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጅረቱ በቀጭን ንብርብር ውስጥ ስለሚጨናነቅ የሚገጥመው ተቃውሞ ከፍ ይላል፤ ሙቀቱም በዚያው መጠን ይበዛል። በ304 ውስጥ ይኸው ጥልቀት 2.7 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከአብዛኛው ድስት ላሜራ ውፍረት ይበልጣል። ስለዚህ ጅረቱ በላሜራው ውፍረት ሁሉ ተበትኖ ያልፋል፤ ለ0.7 ሚሊሜትር ላሜራ ሲሰላ የሚገጥመው ተቃውሞ የ430ን አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። መስኩም ከላሜራው አልፎ ይሄዳል፤ ብዙ ምድጃዎች ይህን ሲያውቁ «ድስት የለም» ብለው ይጠፋሉ። አምራቾች ያገኙት መፍትሔ የድስቱን አካል ከ304፣ መካከሉን ሙቀት ከሚያሰራጭ አሉሚኒየም፣ የታችኛውን ገጽ ደግሞ ከ430 መሥራት ነው። ማግኔት የድስቱን ጎን አልፎ መቀመጫውን የሚይዘው ለዚህ ነው።

መለኪያው የሚያሳስተው እንዴት ነው?

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ የማወቅ ጉጉትን ከማርካት ያለፈ ትርጉም የሚያገኘው ከኒኬል ዋጋ ጋር ሲያያዝ ነው። ኒኬል ውድና ዋጋው በየጊዜው የሚዋዥቅ ስለሆነ አምራቾች በማንጋኒዝና በናይትሮጅን ሊተኩት ሲጥሩ ኖረዋል። በዚህ መንገድ የተገኘው 201 ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ ከ3.5 እስከ 5.5 በመቶ ኒኬልና ከ5.5 እስከ 7.5 በመቶ ማንጋኒዝ ይይዛል። በደረጃው መሠረት ከተሠራና ለተገቢው ቦታ ከዋለ የሚነቀፍ ብረት አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ኒኬሉ ከዚያም በታች፣ ወደ 1 በመቶ ገደማ፣ ሲወርድ ነው። ማንጋኒዝ ኦስቴናይትን የመደገፍ ኃይሉ ደካማ ነው፤ ናይትሮጅን ብርቱ ቢሆንም የቀለጠው ብረት ሊያሟሟው የሚችለው መጠን ውሱን ነው። እንግዲህ ቅይጡ ኦስቴናይት ሆኖ፣ ማለትም ማግኔት የማይስበው ሆኖ፣ እንዲቀር የሚቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ፌራይት የሚጎትተውን ክሮሚየም መቀነስ። በዚህ ምክንያት የእነዚህ ብረቶች ክሮሚየም ወደ 15 በመቶና ከዚያም በታች ይወርዳል። ዝገትን የሚከላከለው ግን ይኸው ክሮሚየም ነው። በሌላ አነጋገር፣ ገዢው በማግኔቱ የሚያረጋግጠው ባሕርይ የተገኘው እርሱ ይገኝልኛል ብሎ የሚጠብቀው ባሕርይ ተቀንሶ ነው።

የመለኪያው ፍርድ የተገለበጠ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። 17 በመቶ ክሮሚየም የያዘው 430 ማግኔት ስለያዘው «ተራ ብረት» ተብሎ ይወድቃል፤ 15 በመቶ የያዘው ኒኬል አልባ መሰል ብረት ማግኔት ስላልያዘው «እውነተኛ» ተብሎ ያልፋል። ጨው የበዛበት ወጥ ሲያድርበት፣ ወይም ውሃው ሳይፈላ የተጨመረ ጨው ሳይሟሟ በድስቱ ወለል ላይ ሲቀመጥ፣ ክሎራይዱ የኦክሳይዱን ሽፋን በነጥብ በነጥብ ይበሳል፤ ልዩነቱ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ይህ ማለት 430 ከ304 ጋር እኩል ነው ማለት አይደለም። 304 አሲድን የመቋቋም ችሎታው የተሻለ ነው፤ 430 ደግሞ ሲበየድ ቅንጣቶቹ ስለሚያድጉ መጋጠሚያው ተሰባሪ ይሆናል። ማግኔት ግን በ316ና በርካሹ የማንጋኒዝ ብረት መካከል ያለውን፣ ከሁሉም የሰፋውን ልዩነት፣ ፈጽሞ አያሳይም፤ ሁለቱንም በዝምታ ያልፋቸዋል።

ስለ መለያ ዘዴዎች

ማግኔት የያዘው ላሜራ ተራ ብረት ነው ወይስ የፌራይት ስቴንለስ የሚለውን ለመለየት የመዳብ ሰልፌት ውሑድ ጠብታ ይበቃል፤ በጸዳ ተራ ብረት ላይ ቀይ መዳብ ይቀራል፣ በማይዝግ ብረት ላይ ግን አይቀርም። ማግኔት ያልያዘውን ለመለየት በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ በሰከንዶች ውስጥ ማንጋኒዙን ይነግራል፤ በ304 ከ2 በመቶ የማይበልጠው ማንጋኒዝ በ201 ከ5 በመቶ በላይ ሆኖ ይታያል። ይኸው መሣሪያ ግን ካርቦንንና ናይትሮጅንን አያነብም። በአንገል ቀመር ውስጥ ከሁሉ የከበደውን ቁጥር የያዙት እነዚሁ ሁለቱ በመሆናቸው፣ የገንዳ ማዕዘን ስበትን ከስብጥር ጋር ለማያያዝ የሚሻ ጥናት ካርቦኑንና ናይትሮጅኑን በሚለካ ሌላ ዘዴ መደገፍ ይኖርበታል።

የማርቴንሳይቱን መጠን በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ለመለካት ናሙና ሲዘጋጅም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ራሱ ገጹን ስለሚለጥጠው ከዚያ በፊት ያልነበረ ማርቴንሳይት ይፈጥራል፤ ኤክስሬዩም የሚያነበው ያንኑ ቀጭን ገጽ ነው። ስለሆነም የተፈገፈገው ንብርብር ከመለኪያው በፊት በኤሌክትሮላይት መወልወል ተገፎ መውጣት አለበት።